ከጋሼና ከእትዬ ጋር በኪራይ መኪና

መንዳት እንጀራዬ ነው። ካልጋሪ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ስለዚህ ዕረፍት ላይ ስሆን መሪ መንካት አልፈልግም። በዚያ ነሐሴ ቶሮንቶ የሄድኩት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ሰው እየነዳ ሊወስደኝ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ በመስኮት ልመለከት። ሰርጉ አለቀ፣ መልሱም አለቀ፤ እግሬ አብጦ፣ ድምፄ ተዘግቶ አየር ማረፊያ ስደርስ የበረራ አስተናጋጆቹ ሥራ አቁመዋል። ሰሌዳው ላይ ከአንዱ በረራ በቀር ሁሉም ተሰርዟል፤ ያም አንዱ ቆሜ እያየሁት ተሰረዘ። መቼ እንደሚጀመር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የአድማው ወሬ ከዋዜማው ጀምሮ ስለነበር ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ መኪና ስፈልግ ነበር። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ፒክአፕ ተገኘ። የአልበርታ ታርጋ ያለው ነው፤ አንድ ሰው ከእኛው ከካልጋሪ ነድቶት መጥቶ ቶሮንቶ ጥሎት ሄዷል፣ አከራዮቹም የሚመልስላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቡክ አደረግኩት። ሥራ ቦታ ደውዬ ሽፍቴን የሚሸፍንልኝ ሰው አገኘሁ። ከዚያ ቁልፍ ልቀበል ወደ መኪና ኪራዩ ክፍል ስሄድ ሁለቱን አየኋቸው።

ሁለቱንም በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም፤ እሳቸው ጋሼ ናቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ። እትዬ በአየር ማረፊያው ዊልቸር ላይ ምሰሶ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ልብስ ለብሰዋል። ጋሼ መጨረሻው የማይታይ ሰልፍ ውስጥ ቆመዋል። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሻንጣዬን ይዤ በሌላ በኩል መዞር ነበር።

ድሮ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ጋሼ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነበሩ፣ እኔ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ስብከቱ አይገባቸውም፤ የኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው ስልካቸውን ይነካካሉ። እኛ ወላጆቹ እሑድ እሑድ ለልጆቹ በእንግሊዝኛ አገልግሎት ይኑር ብለን ጠየቅን። ሽማግሌዎቹ አማርኛውን ካስጣልናቸው ምን ይተርፋቸዋል አሉ። ስብሰባው ከበጋ እስከ ክረምት ተጎተተ። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ጋሼ ተነሥተው፣ “መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ በሩ ክፍት ነው” አሉ። ሄድን። አሁን እኛ የምንሰበሰበው በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው።

ከጋሼ ጋር መለያየቱን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የእትዬን ነው። ልጄን ስወልድ ካልጋሪ ውስጥ ዘመድ አልነበረኝም። እትዬ ከሰፈራቸው ከታራዴል ተነሥተው፣ አውቶቡስ ቀያይረው እኔ ሰፈር ዶቨር ድረስ እየመጡ አረሱኝ። ገንፎ ያገነፉልኝ፣ ገላዬን ያጠቡኝ፣ ልጄን አቅፈው እኔ እንድተኛ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈል አትደዋወሉ ያለን ሰው የለም። ዝም ብለን መደዋወል አቆምን። ሱቅ ውስጥ ስንገናኝ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን እንተላለፋለን።

እና በሌላ በኩል ልዞር ስል ድምፃቸውን ሰማሁ።

“ያቺ የኛ ልጅ አይደለችም?”

ተመለስኩና ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። ወንድማቸው ቶሮንቶ አርፎ ለቀብር መጥተው ነበር። ዳሌያቸው ከተጎዳ ቆይቷል፤ ለሰርጀሪ ከዓመት በላይ ወረፋ ጠብቀው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀን ተሰጥቷቸዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ የደም ምርመራ አለባቸው። ቀኑ ካመለጣቸው ተመልሰው ከወረፋው ጭራ ነው የሚገቡት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እንደ ማማረር አይደለም፤ ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ለማስረዳት ያህል ነው።

“አንቺስ በምን ልትሄጂ ነው?” አሉኝ።

መኪና እንደተከራየሁ ነገርኳቸው። ይህን ጊዜ ጋሼ ሰልፋቸውን ትተው መጡ። ደህና ነሽ ወይ አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

“ቦታ ይኖርሻል?” አሉ እትዬ።

“ተይ እንጂ፣ ልጅቷን አታስቸግሪያት” አሉ ጋሼ።

“ቦታ አለ” አልኩ።

አሁን ሳስበው በደግነት ያልኩት አይመስለኝም። ደክሞኝ ነበር፤ እምቢ ማለት ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ችግር የመኪናው ከፍታ ነበር። ፒክአፑ ከመሬት በጣም ይርቃል፤ እትዬ እግራቸውን ያን ያህል ማንሣት አይችሉም። እኔ ከላይ፣ ጋሼ ከታች ሆነን ስንታገል ላብ በላብ ሆንን። ከከተማው ሳንወጣ አንድ ሱቅ ቆምን፤ ጋሼ ገቡና ልጆች እጃቸውን ሲታጠቡ የሚቆሙበት ዓይነት የፕላስቲክ በርጩማ ገዝተው ወጡ። ከዚያ በኋላ በቆምን ቁጥር ጋሼ ቀድመው ይወርዳሉ፣ በርጩማውን ያስቀምጣሉ፣ እንዳይነቃነቅ በእግራቸው ይረግጡታል፤ እኔ እትዬን አቅፌ አወርዳለሁ። በየሰዓቱ መቆም ነበረብን። እትዬ ከዚያ በላይ አንድ ቦታ ከተቀመጡ ሕመሙ ፊታቸውን ያጠቁረዋል፤ ግን ቁሚልኝ አይሉም። በመስታወት እያየሁ ነበር የማውቀው።

ጋሼ ጉዞ ከመጀመራችን በፊት ጸለዩ። ጸሎታቸው ረጅም ነው፤ ለመኪናው፣ ለመንገዱ፣ ለሟች ወንድም ልጆች፣ ለካናዳ መንግሥት። እኔ ሞተር አስነሥቼ መሪ ይዤ እየጠበቅኩ ነበር፤ ትዕግሥቴ ቢያልቅም አሜን አልኩ። ከዚያ ከጎኔ ተቀመጡና የመንገድ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ካልጋሪ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ዓይናቸው ደክሞ ላይሰንሳቸው ካልታደሰ ወዲህ ግን መሪ አልያዙም። እኔ ስፈጥን ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። መኪና ስቀድም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆኖ፣ ከምልክቶቹ ንባብ በቀር ቁም ነገር ሳናወራ አለፈ። ሰድበሪ ስንደርስ ትከሻዬ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ካርታ ላይ ኦንታሪዮ አንድ አውራጃ ናት። ሲነዱባት አታልቅም። ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ውሃ፣ እንደገና ዛፍ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ነዳን፤ እዚያው ኦንታሪዮ ነን። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ መስመር የለውም። የሱፒሪየር ሐይቅ በግራችን ይታይና ይጠፋል፤ በጣም ያምራል፣ ግን የማየት ፍላጎት አልነበረኝም። እኔ የማየው ነጩን መስመር ነው። እትዬ ከኋላ ሆነው አልፎ አልፎ ብርቱካን ልጠው በጋሼ በኩል ይልኩልኛል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ዳገት ላይ መንገዱ ተዘጋ። ከፊታችን እንጨት የጫነ መኪና ተገልብጧል አሉ። ዞሮ የሚያሳልፍ ሌላ መንገድ የለም፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ቋጥኝ። መኪናዎች ከፊትም ከኋላም ተደረደሩ፣ ሾፌሮች ወርደው ማጨስ ጀመሩ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣል። ብዙ ጠበቅን። በኋላ እትዬ ጋሼን በሹክሹክታ ጠሯቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና ምን ማለት እንዳለባቸው ጠፋባቸው።

ገባኝ። ወርጄ ዞርኩ፤ ሽንት ቤት የሚባል ነገር የለም። በርጩማውን አስቀምጠን አወረድናቸው። የመኪናውን ሁለት በሮች ከፍተን መካከላቸው አስገባናቸው፤ በዚያኛው በኩል ግን መከለያ አልነበረም። ጋሼ ኮታቸውን አወለቁ። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ወደ ሾፌሮቹ ዞረው ቆሙና ኮቱን በሁለት እጃቸው ዘረጉት። በዚያ ሙቀት፣ በክራባት። በየስብሰባው ሲነሡ አዳራሹ ጸጥ የሚልላቸው ሰው እዚያ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ እጃቸው ቢዝልም ኮቱን ዝቅ አላደረጉትም።

እትዬ ቁጭ ማለት አይችሉም። ሙሉ ክብደታቸውን ተሸክሜ፣ ደረታቸውን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኳቸው። ከሕመሙ ይሁን ከሐፍረቱ አላውቅም፣ አለቀሱ። ልብሳቸውን አስተካክዬ፣ በውሃና በሶፍት አጽድቼ ስጨርስ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“አራስ ሳለሽ እኔ ነበርኩ የማጥብሽ” አሉ።

“አዎ፣ እትዬ።”

“ለምንድን ነው የጠፋሽብኝ?”

እርስዎም ጠፍተውብኛል ልል ፈልጌ ተውኩት። አቅፌ አሳፈርኳቸው። ጋሼ ኮታቸውን መልሰው ለበሱ፣ አዘራሮቹን ሁሉ ቆለፉ፣ ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የመንገድ ምልክት አላነበቡም።

ተንደር ቤይ ስንገባ ስልኮቻችን ነፍስ ዘሩ። የሥራ ማቆሙ እኛ መንገድ ላይ ሳለን አብቅቷል፤ በረራ ተጀምሯል። ነዳጅ ማደያው አጠገብ ቆሜ መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ ለአየር መንገዱ ደወሉ፤ ብዙ ካስጠበቋቸው በኋላ ለሁለት ሰው ቦታ የሚገኘው ከሐሙስ በኋላ ነው አሏቸው። እኔ የራሴን አልጠየቅኩም። መንዳቱ ገና ግማሹ ነው። ፒክአፑን ተደግፌ ቡናዬን ጨረስኩ፣ የወረቀቱን ብርጭቆ ጨፍልቄ ጣልኩ፣ መሪ ያዝኩ።

ዊኒፔግን ካለፍን በኋላ ሌላ ዓይነት ድካም መጣ። ዛፉ አለቀ፤ መንገዱ እንደ ገመድ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግራና ቀኝ የደረሰ ስንዴ ነው። የሚታጠፍ ነገር የለም፣ የሚያነቃ ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይኔ ውስጥ ገባች። አንዴ መኪናው ወደ ጥጉ ሲሄድ ጎማው ጠጠሩ ላይ ጮኸና ደንግጬ መለስኩት። እትዬ የጌታን ስም ጠሩ። ጋሼ ግን አልተቆጡም። ዝም እንዳልል ወሬ ያመጡልኝ ጀመር፦ የምነዳው የትኛውን መስመር ነው፣ በበረዶ ጊዜ አውቶቡሱ ይንሸራተታል ወይ፣ ሰካራም ሲገባ ምን አደርጋለሁ። እኔም ስለነቃሁ ይሁን ስለደከመኝ፣ ለዓመታት አፌ ላይ የነበረው ነገር ወጣ።

“ጋሼ፣ ያን ቀን በሩ ክፍት ነው፣ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ ያሉን... ከልብዎ ነበር?”

ወደ እኔ ዞሩ። “የት ነው ያልኩት?”

“ስብሰባው ላይ። የመጨረሻው።”

ፊታቸውን በጨረፍታ አየሁት፤ የሚያስመስሉ አልነበሩም፤ ለማስታወስ እየሞከሩ ነበር።

“እኔ እንደዚያ ብያለሁ?” አሉ።

እኔ ያን ቃል ስንት ጊዜ ሳመነዥከው ኖሬያለሁ። ሳህን ሳጥብ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ፣ ያኔ እንዲህ ብላቸው ኖሮ እያልኩ መልስ ሳዘጋጅላቸው። እሳቸው ጋ ግን ቃሉ የለም።

“ብለሃል” አሉ እትዬ ከኋላ። “ያን ዕለት ቤት ስንገባ፣ በሩ ክፍት ነው እያልክ ዘጋህባቸው ብዬህ ነበር።”

“እሱንም አላስታውስም” አሉ ጋሼ።

ብዙ መንገድ ሄድን። የእህል ጎተራዎች ከሩቅ ብቅ ይላሉ፣ ይቀርባሉ፣ ያልፋሉ። ከዚያ ጋሼ ወደ ፊት እያዩ፣ ልጃቸው እኛ ከወጣን ሁለተኛው ዓመት ላይ መምጣት እንዳቆመ ነገሩኝ። ከካልጋሪ ወጣ ብላ ያለችው ኤርድሪ ቤት ገዝቷል። እሑድ ቀን ሲደውሉለት ሆኪ ሜዳ ነው፣ ወይ ተኝቷል። አንድ ጊዜ ለምን እንደማይመጣ ሲጠይቁት፣ አባዬ አይገባኝም፣ በጭራሽ ገብቶኝ አያውቅም አላቸው። ይህን በአማርኛ ለመናገር በጣም ታገለ አሉ።

“ከእናንተ ጋር ነው ብዬ ነበር” አሉ። “አዳራሻችሁ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።”

“አይመጣም፣ ጋሼ።”

“ያንቺስ ልጅ?”

የእኔም ልጅ አትመጣም። ለእሷ ብዬ ነበር የወጣሁት። ለጥቂት ጊዜ የእንግሊዝኛው አገልግሎት ላይ ጊታር መታች፤ ከዚያ ኮሌጅ ገባች፣ እሑድ መሥራት ጀመረች፣ ቀስ እያለች ቀረች። ሳትጣላኝ፣ ሳትከራከረኝ። ይህን ነገርኳቸው።

እኛ በልጆቹ ተጣልተን ለሁለት ተከፈልን፤ ልጆቹ ከሁለታችንም ጋ የሉም። ጋሼ ይቅርታ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እጃቸውን ፀሐይ መከለያው ላይ አድርገው፣ ዓይኔን እንዳይመታኝ ወደ እኔ በኩል ሊያዞሩት ሞከሩ። አልደረሰም።

ሳስካችዋን ውስጥ አንድ ማረፊያ ስንደርስ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ለአሥር ደቂቃ ብዬ ወንበሬን አጋደምኩ። ስነቃ ጥላው ዞሯል። ሁለቱም በተቀመጡበት ናቸው፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ እትዬ ከኋላ ሆነው በመኪናው ኪራይ ወረቀት ዝንብ ያባርሩልኛል። ዳሌያቸው እንደዚያ እየጠዘጠዛቸው አልወረዱም፤ በሩ ሲከፈት እንዳልነቃ ነው። ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም ብዬ ተናደድኩ። እትዬ፣ “ተኚ ገና” አሉኝ።

በመጨረሻው ቀን ካልጋሪ ስንቃረብ ደስታ የሚባል አልተሰማኝም። ታራዴል ደጃፋቸው ላይ ፓርክ ሳደርግ እጄ ከመሪው አልላቀቅ ብሎኝ ነበር። ልጃቸው ከኤርድሪ መጥቶ በረንዳው ላይ ይጠብቃል፤ ረጅም ነው፣ አባቱን ይመስላል። ጋሼ በርጩማውን ይዘው ሲወርዱ እሱ ቀድሟቸው እናቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አወረዳቸው።

“እማዬ በጣም ደክሞታል” አለኝ። ደክሟታል ለማለት ነው። “ቴንኪው ሶ ማች፣ ሪሊ። አይ ዶንት ኖው ምን እንደምል።”

ጋሼ ግቢና ምሳ ብዪ አሉኝ። አልቻልኩም። መኪናውን አየር ማረፊያ መልሼ፣ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥዬ፣ በሌላ ሰው በሚነዳ አውቶቡስ ወደ ዶቨር ሄድኩ። ሾፌሩ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ዕረፍት እንዴት ነበር አለኝ። ጥሩ ነበር አልኩትና መስኮቱ ላይ ተደግፌ ተኛሁ።

ሰርጀሪው ሐሙስ ተደረገ፤ በሰላም ወጡ። በማግስቱ ከሽፍት በኋላ የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ ሆስፒታል ሄድኩ። ክፍሉ በነባሩ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሞልቶ ነበር፤ አብረውኝ ይዘምሩ የነበሩ ሴቶች አሉበት። ወሬው ቆመ። ከዚያ አንዷ ቦርሳዋን ከወንበር ላይ አነሣችልኝና ተቀመጥኩ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። ስለ ሌላው ነገር ማንም አላነሣም።

ቤተ ክርስቲያኖቹ አልተገናኙም፤ የሚገናኙም አይመስለኝም። ሰው ሁሉ አሁን የየራሱን ለምዷል። እትዬ ግን በከዘራ መራመድ ከጀመሩ ወዲህ እሑድ ከሰዓት ይደውሉልኛል። ምን ተሰበከ ይሉኛል፤ እኔም እናንተ ጋስ እላለሁ።

“ልጅቷስ?” ይላሉ ከዚያ።

“ደህና ናት እትዬ። ትሠራለች።”

“ትጸልያለች?”

“እኔ እንጃ። አልጠየቅኳትም።”

“የእኔውም እንደዚያው ነው” ይላሉ። ከዚያ ደረጃ መውጣት ጀመሩ ወይ ብዬ ስለ እግራቸው እጠይቃቸዋለሁ።